በላስቲክ የታሰረ በሬ

ባሌ ይርዳው እጁ ፈጣን ነው። ላሞግሰው ብዬ አይደለም። ሰው ነገሩን ጀምሮ ሳይጨርስ ቡጢው ደርሶ ይጠብቀዋል። ቡጢው ካልደረሰ ደግሞ አፉ ይቀድማል፣ እሱም ከቡጢው አይሻልም። እኔም ብሆን በግ አይደለሁም። ቤታችን ውስጥ እስካሁን ያልተወረወረ ዕቃ ቢኖር ፍሪጁ ብቻ ነው፣ እሱም ስለሚከብድ።

ሥራው ጎሚስታ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጡት ከባድ መኪኖች ተሰልፈው በሚያድሩበት ሜዳ ዳር፣ ፔካ ዱዝ በሚሉት ሰፈር፣ ጎማ ሲፈታና ሲያስር ይውላል። ድሮ ራሱም ሾፌር ነበር። ከአለቃው ጋር መንገድ ላይ ተደባድቦ ተባረረና ጅቡቲ ቀረ። እኔና ልጃችን ራኬብ በባቡር ተከትለነው መጣን። ናጋድ ጣቢያ ላይ የባቡሩ በር ሲከፈት ሙቀቱ ፊታችንን መታን። ራኬብ ያኔ ገና ትንሽ ነበረች፣ ወደኋላ ዞር ብላ፣ “እማዬ፣ ማነው የሚተነፍስብኝ?” አለችኝ። አባቷ በግሪስ በጠቆረ ሸሚዙ ቆሞ ሲጠብቀን አላወቀችውም፣ ቀሚሴ ውስጥ ተደበቀች።

ቤት የተከራየነው ባልባላ፣ ዋራበሌ ውስጥ ነው። አገር መልመድ ማለት ትንንሹን ነገር በየቀኑ እየተቃጠሉ ማወቅ ነው። የቀትር ውኃ ከቧንቧው ፈልቶ ስለሚመጣ ለመታጠቢያ የሚሆነው ጎህ ሲቀድ በርሜል ይሞላል። የብረት አልጋ ጠርዝ ላይ ቀን አይቀመጡም። ጫት ከገባ በኋላ ሰው ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነው፣ ከተማው ሁሉ ምሳውን በልቶ በሩን ዘግቶ ይቅማል። ፍየሉ ካርቶን ይበላል። ቁራው ደግሞ፣ አቤት ቁራው! ከእጅ ላይ ሥጋ ነጥቆ ይሄዳል። ይህንን ሁሉ ከእኔ በፊት ያወቀችው ራኬብ ናት። ከመጣን ዓመት ሳይሞላ ሶማልኛውን እንደ ወፍ ታንጫጫው ጀመር። እኔ ባዛር ስወጣ አፌ እሷ ነበረች።

ሶማልኛውን የተማረችው ጎረቤታችን ሮብሌ ቤት ነው። ሮብሌ ሥጋ ሻጭ ነው። ጺሙን በሂና የሚያቀላ፣ ትከሻው እንደ በር የሰፋ ሰው። በየማለዳው ለገበያ ፍየል ያርዳል፣ አንዳንዴም ግመል። የሱና የሚስቱ የናዒማ ልጆች አድገው ወጥተዋል፣ ስለዚህ ራኬብን ወሰዷት ማለት ይቀላል። አዴር ሮብሌ ትለዋለች፣ አጎቴ እንደማለት ነው። ናዒማ ሩዝና ዓሣ ታበላታለች። ሥጋ አንድ ቀን ሰጥታት አታውቅም፣ ሳልነግራት። እኛ የነሱን እርድ እንደማንበላ፣ እነሱም የኛን እንደማይበሉ ጠንቅቃ ታውቃለች።

ወንዶቹ ግን ከመጀመሪያው ገና በዓል ጀምሮ ጠላት ናቸው። ይርዳው ግቢያችን ውስጥ በግ አርዶ፣ ደሙ በቆርቆሮው አጥር ሥር ሾልኮ ሮብሌ የሚሰግድበት ምንጣፍ ድረስ ሄደ። ሮብሌ መጣና በሶማልኛ አንድ ነገር አለው። ኋላ ራኬብን ስጠይቃት ያለው “ቦይ ቆፍርለት” ነው። የኔ ጉድ ስድብ መስሎት በቡጢ ጣለው። ሮብሌ ተነሳ፣ ሸሚዙን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለ፣ ከዚያ የይርዳውን የፊት ጥርስ አንዱን አወለቀው። አማርኛ እንደሚችልም ያወቅነው ያኔ ነው። ለካ ድሬዳዋ ነው ያደገው። የይርዳውን ሰባት ዘር በጠራ አማርኛ ሰደበለት። ከዚያ ወዲህም በአማርኛ የሚያወጣው ስድብ ብቻ ነበር፣ ሰላምታውን በሶማልኛ ነው የሚሰጥህ፣ እሱም ሰላም ካለህ።

ከዚያ በኋላ የተጣሉበትን ብዘረዝር አልጨርስም። ስለ ውኃ፣ ስለ ሬዲዮ፣ ይርዳው በራቸው ላይ ስለከመረው አሮጌ ጎማ። ሲደባደቡ ናዒማ የሷን ወገቡን ትይዛለች፣ እኔ የኔን ኮሌታውን። ሁለቱን ጎትተን ቤት ካስገባን በኋላ እኛ ጥላው ሥር ቁጭ ብለን ላባችንን እንጠርጋለን፣ ራኬብ መሀል ሆና እያስተረጎመች እንስቃለን። እውነቱን ለመናገር ጅቡቲ ውስጥ እህት ያገኘሁት በነሱ ጠብ ነው።

አሁን የእርዱን ነገር ልንገራችሁ። እዚህ ያለነው ክርስቲያኖች ጥቂት ነን። ከባቡሩ ዘመን ጀምሮ የቆዩ ቤተሰቦች አሉ፣ እንደኛ ዘግይተው የመጡም አሉ። በዓል ሲደርስ ከገበያ የሚገዛ ሥጋ ስለሌለን ተሰብስበን ቅርጫ እንገባለን፣ አራጃችን ደግሞ ከመሀላችን መሆን አለበት። ለብዙ ዘመን ያርዱልን የነበሩት ጋሽ አለምሰገድ ናቸው፣ አባታቸው የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ቢላቸውን አንስተው ለይርዳው ሰጡት። ስንቱ ጨዋ ሰው እያለ ለዚህ ደም ፍላት! “እጁ ይጸናል” አሉ። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁት፣ “በሬው በሌላ እጅ ከወደቀ ለቁራ ጣለው፣ ያን ሁሉ የጾመ ሕዝብ ያልተባረከ ሥጋ እንዳታበላ።”

ይርዳው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በእጁ ተመሰገነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢላውን እንደ ጽላት ነው የሚይዘው። አንሶላ ውስጥ ጠቅልሎ ቁም ሳጥን አናት ላይ ያስቀምጠዋል፣ በበዓል ዋዜማ ያወርደዋል። ያን ቀን ሰው አይጣላም። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን ልዋሽ። እርዱ ያበርደው ነበር።

ያለፈው ፋሲካ ባንቴ የሚባለው ሾፌር በመኪናው በሬ አመጣ። ጥቁር፣ ቀንዱ ወደ ፊት የቀና፣ በጉዞው የተጠማና የተቆጣ። ይርዳው ቅዳሜ ቀን ግቢያችን ውስጥ አሰረው። በምን አሰረው በሉኝ! በላስቲክ። ጎሚስታ አይደል፣ ከአሮጌ ከመነዳሪ፣ ከጎማው የውስጥ ላስቲክ፣ እየቆረጠ የማያስረው ነገር የለም። የቤታችን በር የተያዘው በላስቲክ ነው፣ የዲሹ ዘንግ በላስቲክ ነው፣ የራኬብን ጫማ ሳይቀር አስሮት ያውቃል። ገመድ ይበጠሳል፣ ላስቲክ ግን አይበጠስም ባይ ነው።

ሮብሌ በአጥሩ አናት አየና ራኬብን ጠራት። ለአባትሽ ንገሪው፣ ላስቲክ ነፍስ ያለውን ነገር አይዝም፣ ይለጠጥለታል፣ ከዚያ ይለቀዋል፣ እኔ ጋ ገመድ አለ አላት። እሷም እንዳለ አስተረጎመች። ይርዳው ቀና ብሎም አላየ፣ “ለሱ ፍየል ይበቃዋል፣ የበሬ ነገር ለኔ ይተውልኝ” አለ። እኔም ገመዱን ተቀበል አልኩት። ሞቼ ነው ከሱ የምዋሰው አለኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ብዬው ገባሁ።

በትንሣኤው ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ግቢው ሞላ። ሴቶቹ ትሪያችንን ይዘናል፣ ልጆቹ ነጭ በነጭ ናቸው፣ ቁራው ቆርቆሮው ላይ ተደርድሯል። ሁለት ወር ሊሞላው ምንም ያህል ያልቀረው ጾም ነው ዛሬ የሚፈታው፣ ሁሉም ዓይኑ በሬው ላይ ነው። ይርዳው ቢላውን እየሳለ ነበር። ወንዶቹ በሬውን ሊጥሉት ሲጎትቱ ወደኋላ ተወረወረባቸው። ላስቲኩ ተለጠጠ፣ ተለጠጠ፣ ከዚያ ከእግሩ ሾልኮ ወጣና ተመልሶ የባንቴን ፊት ገረፈው። ባንቴ ደም በደም ሆኖ ወደቀ። በሬው አንዱን ሰው ረገጠ፣ ትሪዎቹን ረጋገጠ፣ አጥሩን በግንባሩ ገንጥሎ ወደ መንገዱ ወጣ።

ራኬብ መንገዱ ላይ ነበረች። እኔ ነኝ የላክኋት፣ ከናዒማ ባልዲ እንድታመጣ። ሸሽታ የሮብሌ የብረት በር ጋ ደርሳ ነበር፣ በሩን ሳትከፍተው ደረሰባት። አንዱ ቀንድ ነጭ ቀሚሷን ይዞ በሩን በሳው፣ ሌላው በጎኗ አለፈ። መሀል ቀረች። በሬው ቀንዱን ሊያወጣ ራሱን በመታ ቁጥር ከበሩ ጋር ያጣብቃታል። የብረቱን ድምፅ እስከምሞት አልረሳውም። የሷን ድምፅ ግን አልሰማሁም፣ ትንፋሽ አጥሯት ነበር።

ሮብሌ ወደ ገበያ ሊሄድ መኪናው ጋ ቆሞ ነበር። ቢላው ወገቡ ላይ ነው። በአንድ ዝላይ ደረሰ። ሁለት ጣቱን በበሬው አፍንጫ ውስጥ ሰዶ አንገቱን ወደ ላይ ጠመዘዘው፣ ጉሮሮው እንደ ቆዳ ተወጥሮ ቢላው ሥር መጣ። በቃ፣ አለቀ ብዬ ነበር። የሮብሌ እጅ በየቀኑ የሚያደርገው ሥራ ነው፣ አንድ ጊዜ መሳብ ብቻ ነው የቀረው።

ያኔ ይርዳው ከኋላዬ እየሮጠ፣ ቢላውን እንደያዘ፣ ጮኸ።

“ተው! አትረደው! በኔ እጅ ነው!”

የሮብሌ እጅ ቆመ። በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፣ ቢላው ጉሮሮው ላይ ቆመ። ይርዳውን አየው፣ ራኬብን አየ። ከዚያ አፍንጫውን ለቀቀና ጎንበስ ብሎ በበሬው ሆድ ሥር እጁን አሳልፎ የኋላ እግሩን ቋንጃ ቆረጠው። በሬው ወደኋላ ተቀመጠ፣ ቀንዱ ከበሩ ተነቀለ፣ ልጄ መሬት ላይ ተዘረገፈች። በሬው ግን ሲወድቅ ራሱን ወረወረው፣ ቀንዱ ሮብሌን ብሽሽቱ ላይ ገብቶ ወደ ሆዱ ወጣ። ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር። ሮብሌ በሁለት እጁ ሆዱን አቅፎ በሩ ሥር ቁጭ አለ፣ ሰው ደክሞት እንደሚቀመጥ።

ይርዳው ደረሰ። በበሬው አንገት ላይ ተንበረከከ። ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዞረ። በስመ አብ አለ፣ ወወልድ አለ፣ ሁሉንም ጨረሰ። በደንብ አረደው፣ ደሙ ሮብሌ እግር ድረስ ሄደ። ከዚያ ቆመ። ልጁን የጠራት ከዚያ በኋላ ነው።

ባንቴ ፊቱን በጨርቅ ይዞ መጣና በሬውን አይቶ፣ ተመስገን፣ ቅርጫው ዳነ አለ። በትሪው አፉን አልኩት። ሁለተኛም ደገምኩት። ሰው ባይይዘኝ ኖሮ የባንቴን ነገር ዛሬ የምታወሩት በሌላ ነበር።

ሮብሌንና ራኬብን በሮብሌ በራሱ መኪና ላይ ጭነን ሆስፒታል ወሰድናቸው። ናዒማ የባሏን አንጀት በሻሿ ይዛ፣ እኔ ልጄን ጭኔ ላይ አስተኝቼ። ራኬብ የጎድን አጥንቷ ተሰብሯል፣ ክንዷም እንዲሁ፣ ትድናለች አሉኝ። ስለ ሮብሌ የሚነግረን ጠፋ። ቢላና መርፌ ይዘው ገቡበት፣ ቀኑን ሙሉ አልወጡም።

አንሶላ ልወስድ ሳይመሽ ቤት ተመለስኩ። ሰዉ ሥጋውን ተካፍሎ ሄዷል፣ የኛ ድርሻ በር ላይ ተሰቅሏል። ይርዳው በጓሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፣ እጁን አልታጠበም። ለምን ጮህክ አልኩት። ከአፌ አመለጠኝ አለኝ። ልጅህ ቀንድ ላይ ሆና? አልኩት። ከአፌ አመለጠኝ፣ ሌላ አላውቅም፣ አለ። ዘነዘናውን አነሳሁ። ትከሻውን መታሁት፣ ጀርባውን መታሁት፣ የያዝኩበት ክንዴ እስኪዝል መታሁት። ያ ፈጣን እጅ አልተነሳም። ሲደክመኝ ድርሻችንን ከበሩ አውርጄ መንገድ ላይ በተንሁት። ጋሽ አለምሰገድ ለቁራ ይጣል ያሉት ሌላ ነበር፣ ቁራው ግን የበላው የተባረከውን ነው።

አንድ ነገር ግን አልገባኝ አለ። ይርዳው የጮኸበትን አውቄዋለሁ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ አይመለስም። ሮብሌ ለምን ታዘዘው? ይህ ሰው ከይርዳው እጅ ውኃ ቢቀበል ቆሻሻ የሚመስለው፣ “እሳት መጣ ውጣ” ቢለው እልህ ይዞት የሚቀመጥ ሰው ነው። ናዒማም የጠየቀችኝ ይህንኑ ነው። የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ራኬብ ክንዷ ታስሮ መሀላችን ተቀምጣለች። ናዒማ በሶማልኛ ስለ አባቷ ጩኸት ጠየቀቻት። ራኬብ ወደኔ ዞራ፣ ይህንን አላስተረጉምም አለች። ልጄ አላስተረጉምም ስትል የመጀመሪያዋ ነው።

“ሁሉንም ንገሪያት” አልኳት። “እኔ እናትሽ ነኝ፣ አንዲት ቃል እንዳታስቀሪ።”

እያለቀሰች አባቷ የጮኸውን ነገረቻት። ናዒማ አልጮኸችም፣ አልረገመችም። የጮኸውን እኔም ሰምቻለሁ፣ ትርጉሙን ገምቻለሁ፣ የምጠይቀው ባሌ ለምን እንደሰማው ነው አለች። ያን የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ አፉ ላይ ቱቦ ተሰክቶበታል።

ሮብሌ አልሞተም። እግዜር ይመስገን፣ አልሞተም። ግን ሮብሌ የምንለው ያ ሰው ከሆስፒታል አልተመለሰም። አንጀቱ ተቆርጧል፣ አንድ እግሩ ይጎተታል፣ ትከሻው ሟሟ። የሥጋውን ቦታ ለሌላ ሰው ለቀቀ። ጠዋትና ማታ ያ የተበሳ በር ሥር ወንበር ላይ ይቀመጣል። ቀዳዳውን አላስደፈነውም፣ ራኬብ እያለፈች ጣቷን ትሰድበታለች።

ይርዳውም ሌላ ሰው ሆነ። ጎሚስታው ቤት አንዱ ሾፌር እናቱን ሰደበው አሉኝ፣ ጎንበስ ብሎ ጎማውን ማሰር ቀጠለ። ቢላውን ለጋሽ አለምሰገድ መለሰ። እኚህም ሽማግሌ፣ ሥርዓቱን ጠብቀሃል፣ ምን አጠፋህ ብለው ሊሰጡት ቢሞክሩ በራቸው ላይ ጥሎት መጣ። ቤታችን ውስጥ ላስቲክ የተባለ ነገር ሁሉ ፈትቶ አቃጠለ። በሮብሌ ደጅ ላለማለፍ የቆሻሻ መጣያውን ዞሮ ነበር የሚገባው። እኔም እንዲያልፍ አልለመንኩትም። አልጋም ለይቼበት ነበር፣ ምን አሳፍሮኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሰዉ ሁሉ በየቤቱ ጫቱን ይዞ በገባበት፣ መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት፣ ይርዳው ተነሳና ቀጥታ ወደ ሮብሌ ሄደ። ጠብ መስሎኝ ነጠላዬን ሳልይዝ ተከተልኩት። ራኬብም እኔን ተከተለች። ሮብሌ ወንበሩ ላይ ነው፣ ናዒማ በሩ ውስጥ ቆማለች። ይርዳው ፊቱ ቆመ። ሸሚዙን አወለቀ፣ ያ የመጀመሪያ ቀን ሮብሌ እንዳደረገው፣ አጥሩ ላይ ሰቀለው።

“ምታኝ” አለው።

ሮብሌ አጥሩ ላይ የተሰቀለውን ሸሚዝ አየ።

“ምታኝ እባክህ። በዱላም ቢሆን። ዝም አትበለኝ።”

ሮብሌ ጺሙን ዳበሰ። ሂናው ለቆ ሥሩ ነጥቷል። ከዚያ ስድብ የሌለበት አማርኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፉ ሰማሁ፣ የድሬዳዋ አማርኛ፣ ረጋ ያለ።

“ልበስ ይርዳው፣ አልመታህም” አለው። “ምን በደልከኝ? ልጅህ ቀንድ ላይ ሆና ‘አትረደው’ አልከኝ። እኔም፣ ይህ ነገር ለሱ ከልጁ ይበልጥበታል ማለት ነው አልኩ። ሰው ከልጁ የሚያስበልጠውን ነገር እንዴት አበላሽበታለሁ? ስለዚህ ተውኩልህ።”

ይርዳው ሸሚዙን ሊያነሳ የዘረጋው እጁ አየር ላይ ቀረ። ሮብሌ ቂም አልነበረበትም፣ ምጸትም አልነበረበትም፣ ያመነውን ነው የተናገረው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ባሌን ያከበረበት አንድ ነገር ቢኖር ያ ጩኸት ኖሯል።

ራኬብ ከኋላዬ ወጣች። ያ የተሰበረ ክንዷ አሁንም ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም፣ ደረቷ ላይ ይዛው ነው የምትሄደው። አባቷ ፊት ቆማ ቀና ብላ አየችው።

“ይበልጣል እንዴ አባዬ?” አለችው።

ይርዳው እጁን አነሳ። ሊመታት መስሎኝ ተንደረደርኩ። እጁ ወደሷ አልሄደም። የገዛ አፉን ያዘበት፣ አጥብቆ፣ ናዒማ ወጥታ ሸሚዙን ትከሻው ላይ እስክትጥልለት ድረስ እንደያዘው ቆመ።